እትዬ አበራሽና ያለቀሰው ቁም ሳጥን

የእትዬ አበራሽን መሞት የሰማሁት የተዘጋ ቀለም ቤት ደጃፍ ላይ ቆሜ ነው። ለሥራ መልካ ጀብዱ ሰንብቼ ድሬዳዋ በገባሁ ማግስት፣ ለቤቴ በር ብርጭቆ ወረቀት ልገዛ ወጣሁ። የመጀመሪያው ቀለም ቤት ዝግ። ሁለተኛው ዝግ። ሦስተኛው፣ በዓል ሲሆን እንኳ ግማሽ በሩን ከፍቶ የሚሸጠው፣ እሱም ዝግ። ከጎኑ ሎሚ የምትሸጠውን ሴት ምን ሆነው እንደሆነ ብጠይቃት እንደ እብድ አየችኝ።

"አቦ፣ ከየት ነው የመጣኸው? አበራሽ ሞታ ማን ቀለም ይሸጣል?"

ሮጬ ቤተ ክርስቲያን ስደርስ ቀብሩ አልቋል። ከሰዉ ጋር ድንኳን ገብቼ ተቀመጥኩ። ለቅሶ ቤት የሚወራው የሟች ደግነት ነው። እዚያ ድንኳን ውስጥ ግን እያንዳንዱ ሰው የሚያወራው እትዬ አበራሽ ምን ብላ እንደሰደበችው ነበር። አንዱ አናጢ እንባውን እየጠረገ፣ "እኔን 'አንተ ብሩሽ የያዝክ ፍየል' ብላኛለች" አለ። ሌላው ቀበል አድርጎ፣ "የኔን በር ከመንገድ ማዶ አይታ 'ይሄ በር ኩፍኝ ይዞታል፣ ሐኪም ቤት ውሰዱት' አለችኝ፣ ያውም ባለቤቶቹ ፊት!" አለ። ሰዉ እያለቀሰ ይስቃል። ተራው እኔ ጋ ሲደርስ የቱን ነግሬ የቱን እንደምተው ቸገረኝ። ስድስት ዓመት አንድ ግቢ ስለኖርን ከሁሉም በላይ የተሰደብኩት እኔ ነበርኩ።

እትዬ አበራሽ የቤት ዕቃ ቀለም ረጪ ነበረች። ብሩሽ አትነካም። ሥራዋ በኮምፕሬሰርና እሷ "ሽጉጤ" በምትላት የብረት መርጫ ነው። ባሏ ጋራዥ ውስጥ መኪና ቀቢ ነበር። ደረቱን ሲያመው "እስኪሻለው አንድ ሳምንት" ብላ መርጫውን ተቀበለችው። ሰውዬው ድኖ ተነሳ፤ መርጫውን ግን አልመለሰችለትም። ሳምንቱ ሠላሳ ዓመት ሆነ። ባሏም ምን ያድርግ፣ ወጥ መሥራት ለመደ፤ እስኪሞት ድረስ በከዚራ ሰፈር የሱን ያህል ወጥ የሚያጣፍጥ አልነበረም ይባላል።

ቤት ልከራይ ግቢዋ የሄድኩ ዕለት ስለ ኪራዩ ተስማምተን ከጨረስን በኋላ፣ "እህት አለችህ?" አለችኝ።

ገና ሳልገባ በዘመድ ልታጣራኝ ነው ብዬ፣ "የለችኝም" አልኩ።

"እናትህስ ስቶኪንግ ታደርጋለች?"

ኋላ ነው የገባኝ፤ ቀለሟንና ቫርኒሿን የምታጠልለው በአሮጌ የሴት ስቶኪንግ ነው። የሰፈሩ ሴት ሁሉ የተቀደደ ስቶኪንግ የሚያስቀምጠው ለሷ ነበር። ያልተጠለለ ነገር መርጫዋ ውስጥ አይገባም፤ አንዲት ጉድፍ ቀዳዳውን ከደፈነች ሽጉጡ ያነጥሳል፣ እሱ ካነጠሰ ደግሞ እሷ ትሳደባለች።

ጎህ ሲቀድ ትነሳለች። ሽርጧን ታጥቃ፣ ታይዋን ከሚባለው የድሬ ገበያ የገዛቻትን የዋና መነጽር ዓይኗ ላይ፣ ከባሏ ደረት ተምራ የገዛችውን ትልቅ ጭምብል አፍንጫዋ ላይ ታደርጋለች። እንዲያ ሆና ገና በማለዳ ያያት እንግዳ ሰው ሁሉ አንድ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ይላል። መጀመሪያ ግቢውን ውሃ ትረጫለች፣ አቧራው እንዲተኛ። ከዚያ ካርቶን ላይ ትሞክራለች። ከዚያ ነው ወደ ዕቃው የምትዞረው። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ግን ሚኒስትር ቢያዛትም አትረጭም። "ከዚህ በኋላ ድሬ ቀለም አትቀበልም" ትላለች። ስድስት ሰዓት ላይ ትተኛለች፣ አሥር ሰዓት ትነሳለች፤ በመሀል ግቢው ቢቃጠል መቀስቀስ ክልክል ነው።

በዚህ ዓለም ከሁሉም የምትጠላው ያለቀሰ ቀለም ነበር። የረጪው እጅ በመሀል ከቆመ ቀለሙ እዚያ ላይ ይከማችና ይወርዳል፤ ወርዶም እንደ እንባ ተንጠልጥሎ ይደርቃል። እትዬ አበራሽ እንዲህ ዓይነት እንባ ካየች ምሳ አይወርድላትም። አንዴ ክሊኒክ ወረፋ ስትጠብቅ በሩ ላይ ያገኘችውን እንባ በጥፍሯ ስትፍቅ ዘበኛው ይዟት ወጣ። ሳትታከም ተመለሰች፤ ግን ፍቃ ጨርሳለች። እኔንም ባዶ መርጫ አስይዛ ግድግዳ ፊት ታመላልሰኝ ነበር። "አንድ ስንዝር ራቅ። እጅህን እንደ በር አታወዛውዝ፣ ቀጥ አድርገህ ውሰደው። ከጫፉ ቀድመህ ጀምር፣ ከጫፉ አልፈህ ልቀቅ። በመሀል እንዳትቆም! ዋሪያ፣ እንዳትቆም አልኩህ!" ለምን እንደምታስተምረኝ አላውቅም። እኔ ቢሮ ቁጭ ብዬ ደብዳቤ የምጽፍ ሰው ነኝ።

እንግዲህ ሰላማዊትን ላገባ ሽማግሌ ላኩ። አባቷ ጋሽ ይልማ በባቡሩ የእንጨት ሥራ ክፍል ዕድሜውን የጨረሰ፣ ብዙ የማይናገር፣ ሲናገርም የሚያስደነግጥ ሰው ነው። ልጁን ሊሰጠኝ እሺ አለ፤ ከልጁም ጋር በወጣትነቱ በገዛ እጁ የሠራውን ቁም ሳጥን ሰጠኝ። በአህያ ጋሪ ጭነን አመጣነው። ያን ዕለት ጋሽ ይልማ የቁም ሳጥኑን በር እየዳበሰ፣ "እሁድ መጥቼ አየዋለሁ። ዕቃዬን እንዴት እንደያዝከው አይቼ፣ ልጄን እንዴት እንደምትይዛት አውቃለሁ" አለ። ፈገግ ያለ መስሎኝ ፊቱን ባየው ፈገግታ የሚባል የለበትም።

ሌላ ሰው ቢሆን አቧራውን በጨርቅ አብሶ እሁድን ይጠብቃል። እኔ ግን ቫርኒሹ ደብዝዞ ሳየው አዲስ አድርጌ ላስገርመው አሰብኩ። ስልኬ ላይ አንድ ፈረንጅ ጠረጴዛ ሲረጭ አየሁ። ሰውዬው ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ እየሳቀ፣ በአምስት ደቂቃ ጨረሰ። ታይዋን ሄጄ ጀማል ከሚባል ነጋዴ ሶኬት ላይ የሚሰካ፣ ኮምፕሬሰር የማይፈልግ መርጫ ገዛሁ። "ወላሂ፣ ይሄ ሁሉንም ይረጫል!" አለኝ። ለእትዬ አበራሽ አልነገርኳትም። ስድቧን ፈርቼ ነው፤ ትንሽ ደግሞ እሷንም ላስደንቃት ፈልጌ።

ሐሙስ ሰባት ሰዓት ሆነ። ያን ሰዓት የመረጥኩት ድሬ በሙሉ ተኝቶ ማንም ስለማያየኝ ነው። ቫርኒሹን ከቆርቆሮው ወደ መርጫው ገለበጥኩ። ማጥለል የለ፣ በቲነር ማቅጠን የለ፣ ካርቶን ላይ መሞከር የለ። ፀሐይዋ አናቴ ላይ ቆማለች፣ ንፋሱ ከደረቁ የደቻቱ ወንዝ በኩል አቧራውን ይዞ ይመጣል። ተጫንኩት። መርጫው ጮኸ፤ መጀመሪያ ተፋ፣ ከዚያ ረጨ። የሚወጣው ቫርኒሽ በሙቀቱ እንጨቱ ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይደርቃል። ትልልቁ ጠብታ ደግሞ እርጥብ እንደሆነ ይደርስና አቧራውን ይቀበላል። እኔ ግን ይደርቅና ይስተካከላል እያልኩ ሦስቱንም ጎን ጨረስኩ።

በስድስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ እትዬ አበራሽ ከአሥር ሰዓት በፊት ተነሳች። ማንም አልቀሰቀሳት፣ ሽታው ነው። በሌሊት ልብሷ፣ ባዶ እግሯን መጥታ ቆመች። መዳፏን ቁም ሳጥኑ ላይ አሳረፈችና ቶሎ አነሳች።

"ይሄ ቁም ሳጥን ነው ወይስ ሞረድ?"

"ይደርቅና..."

"ደርቋል! አየር ላይ ነው የደረቀው! ያንተ አማች ምን አደረገህ? ምን በደለህ እንዲህ የምትበቀለው?"

እሁድ እንደሚመጣ ስነግራት ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። ቀኖቹን በጣቷ ቆጠረች። ከዚያ "መርጫውን ከነካርቶኑ አምጣ" አለች።

ገበያው ከእንቅልፉ ሲነሳ፣ አሥር ሰዓት ላይ፣ ታይዋን ጀማል ሱቅ ነበርን። እትዬ አበራሽ የውሃ ኮዳዋን ይዛለች።

"ይሄን ማሽን ምን ብለህ ሸጥክለት?"

"ሁሉንም ይረጫል፣ እትዬ፣ ወላሂ።"

"ሁሉንም የሚረጭ ዝሆን ብቻ ነው! ለግድግዳ ነው ለእንጨት? ለወፍራም ቀለም ነው ለቫርኒሽ? ጠየቅኸው? አንተስ ነገርከው?" ወደ ኋላ ዞራ እኔንም ጨመረችኝ። ውሃ ሞላችበትና አንድ የቴሌቪዥን ካርቶን ላይ ረጨች። ድብልብል ጠብታ ተበተነ። የሚያልፈው ሰው መቆም ጀመረ። "አየህ አፉን? ይሄ አፍ ለግድግዳ ነው። ቫርኒሽ ጠባብ አፍ ነው የሚፈልገው።"

ጀማል ምንም ሳይመልስ ካርቶኑን ከእጄ ተቀበለ፣ ከሥሩ ያለውን ወረቀት አነሳና በላስቲክ የተጠቀለለች ትንሽ አፍ አወጣ። ከነማሽኑ የመጣች ናት። መለዋወጫ መስላኝ ከፍቼም አላየኋት። እትዬ አበራሽ ገጠመቻት፣ የአየሩን ጉልበት ቀነሰች፣ ረጨች። ካርቶኑ ላይ ውሃው ደቆ፣ እኩል ሆኖ ተዘረጋ። የቆመው ሰው አጨበጨበ። ጀማልም አጨበጨበ። እሷ ግን ቅር አላት፤ ነጋዴውን ልትሰድብ መጥታ ነጋዴው ትክክል ሆኖ ተገኘ። መንገዱን ሙሉ የጀማልን ድርሻ እኔ ተሰደብኩ።

ዓርብን ቀኑን ሙሉ ስፈገፍግ ዋልኩ። ብርጭቆ ወረቀቱ ሻካራ፣ ከዚያ መካከለኛ፣ ከዚያ ልዝብ። እሷ ከበላይ ቆማ "በእንጨቱ መስመር! በመስመሩ!" ትላለች። የኔ ጥፋት ተፍቆ ሲያልቅ ከሥሩ የጋሽ ይልማ አሮጌ ቫርኒሽ ወጣ። እትዬ አበራሽ መዳፏን በግራው ጎን ከላይ ወደ ታች ስታስኬድ ከወገብ በታች ቆመች።

"ምንድነው ይሄ?"

አንዲት እንባ ነበረች። የአውራ ጣት ጥፍር ታህላለች፤ ብዙ እጅ የነካት ስለሆነ ለስልሳለች።

"አሮጌ ናት፣ ተያት። አትታይም" አልኩ፤ ጣቶቼ ዝለዋል።

"እኔ አየኋታ! እንዲህ ያለ እጅ ያለው ሰው፣ ሌላውን ሁሉ እንዲህ አሳምሮ፣ እዚህ ጋ ምን አስቆመው? አቦ አምጣው ወረቀቱን።" ራሷ ፈገፈገቻት። እያንጎራጎረች ነው የፈገፈገቻት፣ ደስ ብሏት።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ግቢው ረጥቧል፣ ቫርኒሹ ተጠልሏል፣ በቲነር ቀጥኗል። የኔን ማሽን በደንብ አጥባ አስቀምጣ የራሷን ሽጉጥ አነሳች። ስትረጭ ከወገብ በላይ ያለው ሰውነቷ አይንቀሳቀስም፤ እግሯ ነው የሚሄደው፣ እጇ አብሮ ይሄዳል፣ የረጨችው መስመር ያለፈውን መስመር ግማሽ እየሸፈነ። ስድብ የለ፣ ወሬ የለ። በሕይወቴ ያየሁት ከሁሉ የሚያምር ሥራ እሱ ነው። በሦስት ዙር ጨረሰች። ረፋድ ላይ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ፊቴን አየሁ፤ ፊቴ ደስ ብሎታል።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ጋሽ ይልማና ሰላማዊት መጡ። እትዬ አበራሽ ነጭ ለብሳ በሩ ጥግ ቆማለች፣ ምስጋና ለመቀበል። ጋሽ ይልማ ባርኔጣውን አስቀምጦ ቁም ሳጥኑን በዓይኑ ዞረው። በሩን ከፍቶ ዘጋው። ቀኝ ጎኑን ዳበሰ፣ ራሱን ነቀነቀ። ልቤ ተመለሰ። ከዚያ ግራ ጎኑን ከላይ ወደ ታች ዳበሰ። መዳፉ ከወገብ በታች ቆመ። ወደ ላይ ተመለሰ፣ እንደገና ወረደ።

"የት ሄደች?" አለ።

"ማን?" አልኩ።

"እዚህ ጋ የነበረችው።"

"እንባዋን ነው?" አለች እትዬ አበራሽ እየተንጠራራች። "እሷንማ አጠፋኋት! ማን እንደረጨው አላውቅም እንጂ ባገኘው..."

"እኔ ነኝ የረጨሁት" አለ ጋሽ ይልማ።

የእትዬ አበራሽ ተረከዝ ወደ መሬት ተመለሰ።

ጋሽ ይልማ ቁም ሳጥኑን እንጂ እኛን አላየም። "ሚስቴ ሆስፒታል ነበረች" አለ። "ከዚያ በፊት ሁለት ፅንሶች ጠፍተውብናል። ቁጭ ብዬ ብጠብቅ እንደማብድ ስለማውቅ እንጨት ሥራ ክፍሉ ውስጥ ይሄን እረጫለሁ። የበር ዘበኛው እየሮጠ መጣና 'ይልማ! ሴት ልጅ! ሁለቱም ደህና ናቸው!' አለኝ። እጄ ቀጥ አለ። ጣቴ ግን እንደተጫነ ነው። ልጠርጋት እችል ነበር። አልጠረግኳትም።"

"ለኔ ነግረኸኝ አታውቅም እኮ" አለች ሰላማዊት። ልጅ ሆና በዚያች እንባ ላይ አውራ ጣቷን እያሸች ነበር እንቅልፍ የሚወስዳት።

"ጠይቀሽኝ አታውቂም" አለና ባርኔጣውን አነሳ። "ቁም ሳጥኑ ያምራል። የኔ ግን አይደለም። ነይ እንሂድ ሰላም። ስለ ሠርጉ ሌላ ጊዜ እንነጋገራለን።"

እትዬ አበራሽ ግን በሩ ላይ ተገትራ መንገዱን ዘጋች።

"ቁጭ በል አቦ! እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ ልጁን ተወው። ማለቴ ልጁም አጥፍቷል፣ ሐሙስ ዕለት ሞረድ አድርጎት ነበር..." መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። "ግን እሱ ያበላሸው ይፋቃል። እኔ የፋቅሁት ነው የማይመለሰው። ካልተመለሰ ደግሞ እኔም እዚህ ግቢ አልኖርም። መልሼ አስለቅሰዋለሁ!"

ነጭ ልብሷ ላይ ሽርጧን አገለደመች፣ መነጽሯን አደረገች። ሦስት ሰዓት አልፏል፣ ፀሐዩ ከሯል። "ረፍዷል እኮ" ብላት፣ "ለለቅሶ ሰዓት የለውም" አለችኝ። መርጫዋን ሞላች፣ ግራው ጎን ፊት ቆመች፣ ተጫነች። እጇ ሄደ። ጫፉን አልፎ ለቀቀ። እንባ የለም። እንደገና ተጫነች፤ "ቁም! ቁም!" ትላለች ለገዛ እጇ። እጇ አልሰማትም፣ ሄደ። በሦስተኛው ግራ እጇን በቀኟ ላይ ጭና ልታቆመው ሞከረች፤ እግሯ ሄደ። ሠላሳ ዓመት የለመደ አካል እንዴት ብሎ ይቁም? ላቧ ፊቷ ላይ ይወርዳል።

"ና አንተ!" አለችኝ። "ይሄ ያንተ ሙያ ነው።"

ተቀበልኳት። አማቼ ከኋላዬ፣ እጮኛዬ ከጎኔ። ፈርቼ ስለነበር የነገረችኝ ሁሉ በአንድ ጊዜ ትዝ አለኝ፦ አንድ ስንዝር፣ ቀጥ ብሎ፣ ከጫፍ ቀድሞ፣ ከጫፍ አልፎ። ረጨሁ። እንከን የሌለው፣ እኩል የሆነ መስመር ወጣ።

"ዛሬ ነው የተማርከው?" ብላ ጮኸችብኝ። ሰላማዊት ሳቋን በነጠላዋ አፈነች።

እትዬ አበራሽ መርጫውን ከእጄ ነጠቀች። ከዚያ ወደ ጋሽ ይልማ ሄዳ እጁ ላይ አደረገችለት። "ያንተ ናት፣ አንተ ርጫት" አለችው። እምቢ ይላል ብዬ ነበር። ጋሽ ይልማ ኮቱን አውልቆ ለልጁ ሰጠ። መርጫውን መዘን መዘን አድርጎ ቆመ። ሲጫነው ገረመኝ፤ ያ ሁሉ ዓመት አልፎ እጁ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። አንዴ ሄደ፣ ተመለሰ። እሱም እንደሷ ነው፤ ሊያቆመው ፈልጎ እጁ አልቆምለት አለ። ሁለተኛውን መስመር ጀመረ።

እትዬ አበራሽ ወደ ግቢው በር ሄዳ ስትመለስ ሮጠች። በዚያ ዕድሜዋ፣ በሽርጥ፣ የዋና መነጽሯ ግንባሯ ላይ ሆኖ፣ እየሮጠች መጥታ ከኋላው ጮኸች።

"ይልማ! ሴት ልጅ! ሁለቱም ደህና ናቸው!"

እጁ ቀጥ አለ። ጣቱ እንደተጫነ ነው። ቫርኒሹ እዚያው ላይ ተከማቸ፣ ወፈረ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ወረደ። ሰላማዊት ኮቱን ታቅፋ ታለቅሳለች። ጋሽ ይልማ ጣቱን አነሳ፤ የወረደችውን ግን አልጠረጋትም።

እትዬ አበራሽ እያለከለከች አጠገቤ ቆመች። ዓይኗ ከቁም ሳጥኑ እንባ ላይ አልተነቀለም። ሁለት እጆቿን ወደ ኋላዋ አድርጋ አንዱን በሌላው ጥብቅ አድርጋ ይዛለች።

"እንዳልነካት እጄን ያዝልኝ" አለችኝ።

ያዝኩላት።